በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቼዝ የሚያጫውት ፕሮግራም

እኔ የምሠራው የቼዝ ፕሮግራም በሚገባባቸው ቤቶች አዲስ ኮምፒውተር ማግኘት ብርቅ ነው። በባሕር ዳር፣ በሽምብጥም ሆነ በግሽ ዓባይ ሰፈር የማውቃቸው ተጠቃሚዎች የሚገለገሉት ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ በተገዛ፣ ባትሪው በደከመ፣ ሁለት ወይም አራት ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ነው። ፕሮግራሙም የሚደርሳቸው ከኢንተርኔት ወርዶ ሳይሆን በፍላሽ ተገልብጦ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላልፎ፣ አንዳንዴም በጀልባ ተሻግሮ እስከ ዘጌ ድረስ ነው። በከተማችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ደግሞ ከፍላሽ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ውጭ ምንም ሳይፈልግ ስለሚሠራ ቼዝ፣ ስለ አሠራሩና በሰው እጅ ከገባ በኋላ ስለሚጠይቀው እንክብካቤ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጠንካራ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም መሥራት ዛሬ ብቻውን የሚሠራን ሰው ሊያስጨንቀው የሚገባ ጉዳይ አይደለም። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የያኔውን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ሲረታ በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን የሚደርስ አቀማመጥ የሚመረምር፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተብሎ የተገነባ ማሽን አስፈልጎ ነበር። በ2008 የተጀመረውና ማንም በነጻ ሊወስደው የሚችለው ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ግን ዛሬ በተራ ስልክ ላይ ተጭኖ ከዓለም ሻምፒዮኑ በላይ ይጫወታል። ያልተፈታውና ሰውን የሚያደክመው ሥራ ሌላ ነው፤ ማሽኑን ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው ልክ አድርጎ ማጫወት፣ ያንንም ሰውየው ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን እንዲሄድ ማድረግ፣ ሲያስቸግረውም ፈጥኖ መድረስ ነው። ይህን ሥራ ጠንካራ ኢንጂን (እርምጃውን አስቦ የሚመርጠውን የፕሮግራሙን ክፍል) ከመሥራት ያነሰ አድርገው የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን የበለጠ ጥበብ የሚጠይቀው ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤት ኮምፒውተር ቼዝ ሲጀመርም ችግሩ ይኸው ነበር። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ማሽን ቼዝን እንዴት ሊጫወት እንደሚችል ሲያስረዳ ኮምፒውተር የነበረው በጥቂት ትልልቅ ተቋማት እጅ ብቻ ነበር። ፒተር ጄኒንግስ በ1976 ማይክሮቼዝን ኪም-1 ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ሲጽፍ በእጁ የነበረው ራም ከአንድ ኪሎባይት እምብዛም አይበልጥም። ስክሪን ስላልነበረው ተጫዋቹ እርምጃውን በቁልፎች አስገብቶ የማሽኑን መልስ በስድስት አኃዝ ማሳያ ላይ ያነባል፤ ጠጠሮቹን ከጎኑ ባለው ሰሌዳ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ነው። ዳንና ካቲ ስፕራክለን የተባሉት ባልና ሚስት በ1978 ሳርጎንን አወጡ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ዴቪድ ሆርን ዜድኤክስ 81 ለተባለው የቤት ኮምፒውተር በ672 ባይት ብቻ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፈ። እርግጥ ካስሊንግ (ንጉሡና ጥጉ ላይ ያለው ጠጠር አብረው የሚንቀሳቀሱበት እርምጃ)፣ አንፓሳን (ሁለት ቤት የተራመደን ወታደር በመንገዱ ላይ መብላት) እና የወታደር እድገት ተትተውበታል። ይሁንና ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ 672 ባይት ማለት 224 ፊደል የሚይዝ ቦታ ነው፤ የዚህ አንቀጽ ግማሽ እንኳ አይገባበትም። እነዚህ ሰዎች የተሻለ ማሽን እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ሰው ቤት ያለውን ማሽን ተቀብለው ለእርሱ የሚሆነውን ሠሩ። እኔም ከአራት ጊጋባይት ራም በታች አይሠራም የሚል ማሳሰቢያ ያለው ፕሮግራም ባየሁ ቁጥር እነርሱን አስታውሳለሁ።

ማሽኑ የሚጫወተውን እርምጃ ስለሚያገኝበት ፍለጋ በአጭሩ ላስረዳ። በቼዝ በአንድ አቀማመጥ ላይ በአማካይ ወደ 35 የሚጠጋ ሕጋዊ እርምጃ አለ። ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ቢጫወቱ፣ 35ን አራት ጊዜ በራሱ ስናባዛ 1,500,625 የሚደርስ የመጨረሻ አቀማመጥ ይመጣል። አልፋ ቤታ የሚባለው ዘዴ ይህን የሚቀንሰው በቀላል ምክንያት ነው፤ አንድ እርምጃ መጥፎ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ መልስ ከተገኘ የቀሩትን መልሶች መመርመር አያስፈልግም። እርምጃዎቹ ከተሻለው ጀምሮ ፍጹም በሆነ ቅደም ተከተል ቢመረመሩ ያው ፍለጋ 2,449 አቀማመጥ ብቻ አይቶ ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ፍጹም ቅደም ተከተል በተግባር አይገኝም፤ ነገር ግን ጠጠር የሚበሉ እርምጃዎችን ማስቀደም፣ ከዚህ ቀደም ጥሩ ሆኖ የተገኘውን እርምጃ መጀመሪያ መሞከር፣ ይህን የመሰለ ትንንሽ ጥንቃቄ ሁሉ ወደዚያ ያቀርባል። አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሳይሰለች መልስ የሚያገኘው ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

የሕጎቹ ትክክለኛነት የሚፈተሽበት ዘዴ ደግሞ ቆጠራ ነው። ከመነሻው አቀማመጥ ነጭ 20 እርምጃ አለው፤ ጥቁር ሲመልስ 400 ይሆናል፣ ቀጥሎ 8,902፣ ከዚያ 197,281፣ በአምስተኛው 4,865,609። ፕሮግራሙ ከእነዚህ በአንዲት እንኳ ከተለየ አንድ ሕግ ተስቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሳተው አንፓሳን ወይም ካስሊንግ ነው። ይህን ቆጠራ ሠሪዎች በቤታቸው ብቻ ይጠቀሙበታል። እኔ ግን ራስን መፈተሻ በሚል ስም በፕሮግራሙ ምናሌ ውስጥ ለተጠቃሚው አስቀምጬዋለሁ። ቁጥሩ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ልክ ሆኖ በተጠቃሚው ላይ ከተሳሳተ፣ ወይ ፋይሉ ከፍላሽ ሲገለበጥ ተበላሽቷል፣ ወይ ራሙ ችግር አለበት። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ጊዜው ከወትሮው በጣም ከረዘመ ደግሞ ላፕቶፑ በአቧራ ታፍኖ እየጋለ ፍጥነቱን ቀንሷል ማለት ነው። በባሕር ዳር ሙቀት፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ይህ የመጨረሻው ምክንያት ዘወትር የሚያጋጥም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጀማሪን ከጠንካራ ማሽን ጋር ማጫወት ስለማይጠቅም ማሽኑ መድከም አለበት፤ ጥያቄው እንዴት ይድከም የሚለው ነው። ቀላሉ መንገድ የፍለጋውን ጥልቀት ማሳጠር ነው። እንዲህ የተገደበ ማሽን ግን በተፈቀደለት ርቀት ውስጥ ያለውን ሁሉ አንዲትም ሳያስቀር ያያል። ጀማሪው ሳይጠብቅ የተዋትን ጠጠር ወዲያው ይበላል፤ ከዚያ ርቀት አንድ ደረጃ አልፎ የሚመጣበትን ማት፣ ማለትም የንጉሡን መያዝ፣ ግን ፈጽሞ አይጠረጥርም። ሰው እንዲህ አይደለም። ሰው አንዳንዴ አምስት እርምጃ አርቆ ያስባል፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ፈረስ ደግሞ ይዘነጋል። ሁለተኛው መንገድ ማሽኑ በሙሉ አቅሙ ካሰበ በኋላ ከተሻሉት እርምጃዎች መካከል በዕጣ እንዲመርጥ ማድረግ ነው፤ ስቶክፊሽ ከ0 እስከ 20 ባሉት የችሎታ ደረጃዎቹ የሚጠቀመው ይህን መሰል ዘዴ ነው። በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ውጤቱ ለተጫዋቹ ግራ ያጋባል፤ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ እንደ ግራንድማስተር ሲጫወት ይቆይና ድንገት ያለ ምንም ምክንያት ጠጠር ያስበላል።

በሽምብጥ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ይህን ከማንም በተሻለ ገልጸውልኛል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሲያሸንፈኝ ያስተምረኛል፤ ሲሸነፍልኝ ግን ይንቀኛል።»

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የናቀዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጨዋታዎቹን ሁሉ በደብተር ጽፈው ይዘዋቸው ስለነበር ገጽ በገጽ እየገለጡ አሳዩኝ። ማሽኑ ሆን ብሎ የተዋቸውን ጠጠሮች በቀይ እስክሪብቶ ከበዋቸዋል። ማሽንን ከማሽን ጋር በማጫወት የሚገኝ የፈተና ውጤት የትኛው ደረጃ የትኛውን እንደሚያሸንፍ ብቻ ነው የሚናገረው። እነዚያ ቀይ ክቦች ግን ስህተቶቹ በሰሌዳው ላይ ከሚካሄደው ነገር ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው በግልጽ አሳዩ። ንግሥት የምትተወው ጨዋታው ከሚጋጋልበት ቦታ መካከል፣ ዓይን ሁሉ በተተከለበት ስፍራ ነበር። እንዲህ ያለውን ስህተት ሰው አይሠራም።

የሰው ዝንጋታ የራሱ ሥርዓት አለው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመታን ጠጠር ወደ ፊት ከሚመጣው ይልቅ ይስታል፤ ከሰሌዳው ጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚመለከትን ጳጳስ ይረሳል፤ ንጉሡን ላለማጋለጥ የታሰረ ጠጠር ሌላውን የሚጠብቅለት ይመስለዋል፤ ጨዋታው በአንደኛው ጠርዝ ሲጋጋል በሌላው ጠርዝ ያለው ከሐሳቡ ይወጣል። ስለዚህ እኔ የመረጥኩት መንገድ ይህን ዝንጋታ በፍለጋው ውስጥ ማስገባት ነው። ማሽኑ አንድ እርምጃ አስቦ የተቃራኒውን መልሶች ሲዘረዝር፣ ከመልሶቹ አንዳንዶቹ እንደየደረጃው እንዳይታዩት ይደረጋል፤ የትኛው ይሰወር የሚለውም በርቀት፣ በአቅጣጫና በጠጠሩ ዓይነት ይወሰናል። በዚህ መንገድ የሚሸነፍ ማሽን ዕቅድ ኖሮት፣ ዕቅዱን ሲከተል አንድ ነገር ያልታየው ተጫዋች ይመስላል። ተጠቃሚውም ያንን ክፍተት ሲያገኝ ያገኘው በራሱ ዓይን ነውና ድሉ የራሱ ነው።

ይህን ለመሥራት ለሚያስቡ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ኢንጂን አንድን አቀማመጥ በተለያየ መንገድ ደጋግሞ ስለሚያገኘው፣ ያሰበውን ውጤት አልበርት ዞብሪስት በ1970 ባቀረበው ዘዴ ለእያንዳንዱ አቀማመጥ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግበዋል። ዝንጋታው በየጊዜው አዲስ ዕጣ በመጣል የሚወሰን ከሆነ፣ ማሽኑ በአንዱ መንገድ ሲደርስ ያየውን በሌላው መንገድ ሲደርስ አያየውም፤ መዝገቡ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ደረጃውም የታሰበው አይሆንም። ስለዚህ ዕጣው ከአቀማመጡ መለያ ቁጥርና ለዚያ ጨዋታ ከተመረጠ ሌላ ቁጥር ተቀላቅሎ መውጣት አለበት። ርቀትም መለካት ያለበት በእውነተኛው ሰሌዳ ላይ ከተደረገው የመጨረሻ እርምጃ እንጂ በሐሳብ ከተደረጉት አይደለም፤ በዚህም ምክንያት ደካማ ደረጃዎች ላይ መዝገቡን ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ አጸዳዋለሁ። ጥቂት ፍጥነት ያስከፍላል፤ ነገር ግን ለመድከም የሚጫወት ማሽን ፍጥነት ምን ያደርግለታል?

በዚህ ረገድ እጅግ የማደንቀው ሥራ በ2020 የቀረበው ማያ ነው። የቶሮንቶና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ጋር ሆነው፣ ሰዎች ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ የተጫወቷቸውን እጅግ ብዙ ጨዋታዎች ወስደው የተሻለውን እርምጃ ሳይሆን በዚያ ደረጃ ያለ ሰው የሚጫወተውን እርምጃ የሚተነብዩ የነርቭ መረቦችን (ከምሳሌ የሚማሩ ፕሮግራሞችን) አሠለጠኑ። ደረጃዎቹ በሊቼስ የችሎታ ነጥብ ከ1100 እስከ 1900 ናቸው። ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። ሆኖም እኔ የማገለግላቸው ልጆች ገና ፈረስ እንዴት እንደሚዘል የሚማሩ በመሆናቸው ከዝቅተኛው ደረጃ በታች ይቀራሉ፤ ለእነርሱ ከላይ የገለጽኩት ዘዴ ይሻላል።

ደረጃን በተመለከተ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተጠቃሚው መሸነፍ ሲጀምር በጨዋታው መካከል ሳይነግሩት ይለሰልሳሉ። ይህ ሰውየውን ማታለል ነው፤ ቼዝ ሁሉም ነገር በሰሌዳው ላይ የሚታይበት ጨዋታ ስለሆነ ደግሞ ማታለሉ ይብሳል። በእኔ ፕሮግራም ደረጃው የሚቀየረው በጨዋታና በጨዋታ መካከል፣ ተጠቃሚው አይቶት ነው። የተጫዋቾችን ችሎታ በነጥብ በሚለካው የኤሎ ስሌት መሠረት 200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከአራት ጨዋታ ሦስት ነጥብ ያህል ይወስዳል፤ ልዩነቱ 400 ሲሆን ከአሥራ አንድ ጨዋታ አሥር ነጥብ። ስለዚህ ማሽኑን ከተጠቃሚው 200 ነጥብ ያህል ከፍ አድርጌ አስጀምረዋለሁ። አንዱን ነጥብ ለማግኘት ሰው መልፋት ይኖርበታል፤ ሊያገኘው እንደሚችል ግን ያውቃል።

ወደ እገዛው ስመጣ፣ ጥሪዎቹ የሚበዙት ማታ መብራት ሲመጣ ነው። በተደጋጋሚ የሚሰማው «ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል» የሚለው ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። የቼዝ ሰሌዳ 64 ቤት ስላለው እያንዳንዱን የጠጠር ዓይነት በአንድ ባለ 64 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) ቁጥር መወከል ይቻላል፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ስንት አንድ እንዳለ መቁጠር ደግሞ ኢንጂኑ ያለማቋረጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ኢንቴል በ2008 መጨረሻ ባወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ኮር አይ7 ፕሮሰሰሮች ይህን ቆጠራ በአንድ ጊዜ የሚፈጽም ፖፕካውንት የተባለ ትእዛዝ ጨመረ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ኮር 2 ዱዎዎች ግን ትእዛዙን አያውቁትም። ለአዲሶቹ የተዘጋጀ ፋይል በእነዚህ ላይ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ይደርሰውና ፕሮግራሙ ያለ ማብራሪያ ይዘጋል። የስቶክፊሽ ሠሪዎች ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት የተለያየ ፋይል የሚያወጡት ለዚህ ነው። ፍላሽ ተቀብሎ የሚጭን ሰው ግን የትኛው ለእርሱ እንደሚሆን እንዲመርጥ መጠየቅ አግባብ አይደለም። ፕሮግራሙ ራሱ ሲከፈት ፕሮሰሰሩን ጠይቆ የሚስማማውን መጫን አለበት፤ በሁሉም ላይ የሚሠራውን ዘገምተኛውን ቅጂም ይዞ መዞር አለበት።

አንቲቫይረስ ሌላው ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት፣ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ፋይል በፍላሽ ሲመጣ ብዙዎቹ አንቲቫይረሶች በጥርጣሬ ያነሡታል፤ ተጠቃሚውም ፕሮግራሙ ጠፋብኝ ብሎ ይደውላል። እውነቱን ለመናገር ፍላሽ በየቤቱ በሚዞርባት ከተማ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። አንቲቫይረሱን አጥፉት የሚል መልስ ግን ከቶ አልሰጥም። ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር በቴሌግራም ልኬ ከእጃቸው ካለው ጋር እንዲያመሳክሩ አደርጋለሁ፤ ከተመሳሰለ ያንን ፋይል ብቻ እንዲፈቅዱለት አሳያቸዋለሁ። ከተለያየ ፋይሉ በመንገድ ላይ ተነክቷል ማለት ነውና እንዲያጠፉት እለምናለሁ።

የራም ጉዳይ ቀላል ይመስላል። ተጠቃሚው የአቀማመጥ መዝገቡ በሰፋ ቁጥር ማሽኑ እንደሚጠነክር ሲሰማ ሁለት ጊጋባይት ባለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ጊጋባይት ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ቦታ ሲያጣ ራሙን ወደ ሃርድ ዲስክ እያመላለሰ ሁሉንም ነገር ያዘገያል። በመዝገቡ ውስጥ አንዱ አቀማመጥ 16 ባይት ቢወስድ 64 ሜጋባይት ከአራት ሚሊዮን በላይ አቀማመጦችን ይይዛል፤ ለቤት ጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ነጻ የሆነውን ራም ለክቶ ጣሪያ ያበጃል። በተጠቃሚው ተራ ጊዜ ማሰብም እንዲሁ ባትሪ ላይ ሲሆን በራሱ ይቆማል፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ በዚያ ምክንያት ጨዋታው ሳያልቅ ይጠፋልና።

መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው ጨርሶ የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደባት ቅጽበት ይጠፋል። ፕሮግራሙ ጨዋታውን በዚያች ቅጽበት በማስቀመጥ ላይ ከነበረ የድሮው ፋይል ተደምስሶ አዲሱ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ተጠቃሚው ሲመለስ የሚያገኘው ባዶ ፋይል ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አዲሱን ጨዋታ በሌላ ስም መጻፍ፣ ዲስኩ ላይ በእርግጥ መስፈሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ብቻ በድሮው ስም መተካት። በእያንዳንዱ እርምጃ ይህ ይደረጋል። የልጅ የመጀመሪያ ድል በመብራት ምክንያት ሲጠፋ ያየ ሰው ይህን ያህል መጠንቀቅ በዛ አይለኝም። ሰዓቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውስጥ ባትሪው ያለቀ ላፕቶፕ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ ስለሚመልስ የተጫዋቹን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ላይ ማስላት አይገባም፤ ዊንዶውስ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ የሚቆጥረው ቆጣሪ ብቻ ነው የሚታመነው።

በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥሙ ነገሮችም አሉ። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን በአማርኛ ስም በሰየመው ፎልደር ውስጥ ሲያስቀምጠው፣ የፋይል ስምን በድሮው አሠራር የሚያነቡ ኢንጂኖች የግእዝ ፊደሉን ሊያነቡት ስለማይችሉ የመክፈቻ እርምጃዎችን የያዘውን ፋይል ያጡታል። ፎልደሩን በላቲን ፊደል ሰይሙት ማለት አሳፋሪ መልስ ስለሆነ የፋይል አከፋፈቱን በሙሉ ወደ ዩኒኮድ ለውጬዋለሁ። ቀንም እንደዚሁ ነው። ጨዋታዎች የሚቀመጡበት ፒጂኤን የተባለው ደንብ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጠብቃል፤ በጳጉሜን የተደረገን ጨዋታ በ13ኛ ወር ብንጽፈው ሌሎች ፕሮግራሞች አይቀበሉትም። ስለዚህ ፋይሉ ደንቡን ይጠብቃል፣ ስክሪኑ ግን የእኛን ቀን ያሳያል።

ስለ ክፍያ ብዙ የምለው የለኝም። ፕሮግራሙ በነጻ ይሰጣል። የስቶክፊሽን ኮድ ከራሳቸው ሥራ ጋር ለማደል ለሚያስቡ ግን ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ምንጭ ኮዱንም አብሮ መስጠትን እንደሚያስገድድ ላስታውስ። በፍላሽ ስለተሰጠ ግዴታው አይቀርም፤ ምንጭ ኮዱ በዚያው ፍላሽ ላይ ይቀመጥ።

አሁን የያዝኩት ሥራ የመጣው በዕድሜ ከገፉት ተጠቃሚዎች ጥያቄ ነው፤ ሰንጠረዥ የሚባለውን የድሮውን የኢትዮጵያ ቼዝ ጨምርልን ይላሉ። ጨዋታው የመኳንንት ቤት ጨዋታ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቷል፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ባሳተሙት ጥናት ታሪኩንና ሕጎቹን ሰብስበዋል። በንግሥቷ ቦታ ያለችው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች፤ በጳጳሱ ቦታ ያለው ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ይህን ማስገባት ለፕሮግራም ሠሪ ቀላል ነው። ከባዱ ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ ሁለቱም ተጫዋቾች የሌላውን አሰላለፍ እያዩ በፈለጉት መጠን ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አልፋ ቤታ ደግሞ የቆመው በተራ ላይ ነው፤ እኔ፣ ቀጥሎ አንተ፣ ቀጥሎ እኔ እያለ ነው የሚያስበው። ስለዚህ በወረራው ጊዜ ፍለጋውን ትቼ ማሽኑ ሊደርስበት የሚፈልገውን አሰላለፍ መርጦ ወደዚያ እንዲጓዝ፣ የተጠቃሚው አሰላለፍ ሲቀየርም ምርጫውን እንዲከልስ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያው ጠጠር እንደተበላ ተራ ይጀመራል፣ የተለመደው ፍለጋም ይቀጥላል።

የቀረው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ማሽኑ እንደ ፍጥነቱ ቢለቀቅ ወረራውን በዓይን ጥቅሻ ይጨርሳል፤ ያ ደግሞ ለማንም ጨዋታ አይሆንም። ስለዚህ በሁለት እርምጃዎቹ መካከል የሚቆይበት ጊዜ ከተጠቃሚው የራሱ እጅ ፍጥነት ይለካል፤ ታችፓዱ የሚያስቸግረው ሰው ዝግ ሲል ማሽኑም ዝግ ይላል። ተጠቃሚው አንድ ጠጠር ይዞ ሳለ ደግሞ ማሽኑ ከቶ አይንቀሳቀስም፤ አለበለዚያ ሊበላት ያነጣጠረባት ጠጠር ከእጁ ሥር ትሸሻለች። በእውነተኛው ሰሌዳ ላይ ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቤት ሲዘረጉ ሽማግሌዎቹ እንዴት ይዳኙ እንደነበር ያየ ወይም የሰማ ሰው ካለ ቢጽፍልኝ፣ ይህን ክፍል በዚያው መሠረት አስተካክለዋለሁ።